የቤት ኮምፒዩተርን ሰነድ በራሱ መሣሪያ ስለ መጠበቅ፤ በጫግኒ በአንድ ቤት የተገኘ ልምድ

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የማስበው ነገር ትንሽ መስሎ የሚታይ ነው። ይኸውም በአንድ የቤት ኮምፒዩተር ውስጥ የተከማቸ ጽሑፍ፥ ፎቶግራፍና ድምፅ፥ ኮምፒዩተሩ ሲበላሽ ወይም ሲጠፋ አብሮ እንዳይጠፋ፥ ከአንድ ተጨማሪ ዲስክ በቀር ሌላ ዕቃ ሳይገዛና ሌላ ፕሮግራም ሳይጫን፥ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ በመጣው መሣሪያ ብቻ ሁለተኛ ቅጂ እንዴት ማኖር እንደሚቻል ነው። ለብዙዎቹ መምህራኖቻችን ነገሩ የታወቀ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአንድ ፍላሽ ብቻ ይዘው የሚዞሩ ጓደኞቼን ሳስብ፥ የታወቀ ነገር ሁሉ የሚሠራበት እንዳልሆነ ተረዳሁ። እኔም ራሴ ከእነሱ አንዱ ነበርሁ።

ቤታችን በጫግኒ ነው። ጫግኒ ከእንጅባራ ተነሥቶ ወደ ግልገል በለስና ወደ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የሚወስደው መንገድ የሚያልፍባት የአዊ ዞን ከተማ ናት፤ በገበያዋም አገውኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። የመብራቷ ነገር እንደ ብዙዎቹ የክፍለ ሀገር ከተሞች ነው። ይሄዳል፥ ይመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ሲመጣ ከሄደበት ይልቅ በርትቶ ይመጣል። ኮምፒዩተሩን ታላቅ ወንድሜ በ2011 ዓ.ም. ያገለገለ ገዝቶ ከባሕር ዳር በአውቶቡስ ያመጣው ነው። በውስጡም የቤተ ሰቡ ሁሉ ነገር ነበረበት፤ የእኅቴ የ12ኛ ክፍል ማስታወሻ፥ የወንድሜ የሱቅ ሒሳብ፥ ስካን የተደረገ የቤታችን የይዞታ ማረጋገጫ፥ የሠርግና የክርስትና ፎቶግራፍ፥ የእኔም የጥናት ድምፆች።

ጥናቴ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርን የሚመለከት ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን በዓሉ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ይከበራል። በዓሉን የሚያይ ሰው ብዙ ነው፤ እኔ የፈለግሁት ግን ከበዓሉ ውጭ ያለውን ነበር። ፈረስ እንዴት ስም እንደሚወጣለት፥ ኮርቻና ልጓም ማን እንደሚሠራ፥ ከአባላቱ አንዱ ሐዘን ሲደርስበት የቀሩት ምን እንደሚያደርጉ ለማወቅ እፈልግ ነበር። ሁላችንም አባባ እያልን የምንጠራቸው አንድ የጎረቤት ሽማግሌ ይህን ሁሉ በአገውኛ እየተረኩልኝ 14 ጊዜ በስልክ ቀዳሁ። ድምፁን ከስልኬ ወደ ቤት ኮምፒዩተር አዛውሬ፥ ስልኬ ሞልቶ ስለ ነበር ከስልኩ ደመሰስሁት።

በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ወር አንድ ማታ፥ ጠፍቶ የቈየው መብራት ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ጧ ብሎ ጠፋ። ተሸክሜ ወደ ጥገና ወሰድሁት። ከሁለት ቀን በኋላ ስመለስ በደንብ ይሠራል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ጠጋኙ ፓወር ሳፕላዩን ለውጦ፥ ዊንዶውሱም አልነሣ ስላለው ዲስኩን አንድ አድርጎ ፎርማት በማድረግ ዐዲስ ጭኖልኛል።

«ዲ ላይ ያለውን ምን አደረግኸው?» አልሁት።

«ወንድሜ፥ የሚያስፈልግ ነገር አለው አላልኸኝም እኮ። አስተካክልልኝ ብለህ ነው የሰጠኸኝ» አለኝ።

እውነቱን ስለ ነበር የምመልሰው አጣሁ። የጠፋ ፋይል በሚፈልግ ፕሮግራም ሞክረን ጥቂት ፎቶግራፍና የተቈራረጠ ድምፅ ብቻ አገኘን። ከ14ቱ ድምፆች 3ቱ የተረፉት፥ እኅቴ የአባባን ጨዋታ ስለምትወድ ቀደም ሲል በዜንደር ወደ ስልኳ ወስዳቸው ስለ ነበር ነው። አባባ ከመስቀል በፊት ዐረፉ። የቀሩትን 11 እንደገና ለመቅዳት የሚቻልበት መንገድ የለም።

አንድ ጎተራ በግድግዳ ቢከፈል

ከዚህ ጥፋት በኋላ በመጀመሪያ የመረመርሁት የራሴን ስሕተት ነው። እኔ ድምፆቹን «ዲ» በሚባለው ክፍል ያኖርኋቸው ለጥንቃቄ ብዬ ነበር። በአገራችን ይህ ልማድ በጣም የተስፋፋ ነው። ኮምፒዩተር የሚጭኑ ሰዎች አንዱን ዲስክ «ሲ» እና «ዲ» ብለው ለሁለት ይከፍሉትና ለባለቤቱ «የምትፈልገውን ዲ ላይ አስቀምጥ» ይሉታል። ምክሩ ለአንድ ነገር ይጠቅማል፤ ዊንዶውስ እንደገና በሚጫንበት ጊዜ «ሲ» ብቻ ስለሚደመሰስ በ«ዲ» ያለው ይተርፋል። ነገር ግን ሁለቱ ፊደሎች የአንድ ዕቃ ሁለት ስሞች ናቸው። አንድን ጎተራ በግድግዳ ለሁለት ቢከፍሉት ሁለት ጎተራ አይሆንም፤ እሳት ሲነሣ አብሮ ይነዳል። ዲስኩ ቢቃጠል፥ ቢሰረቅ ወይም እንደ እኔው አንድ ተደርጎ ፎርማት ቢደረግ «ዲ» ከ«ሲ» ጋር ይሄዳል።

ሁለተኛው ስሕተት ማዛወርን ከመቅዳት ጋር ማምታታት ነው። ድምፁን ከስልኬ ወደ ኮምፒዩተር ሳሳልፍ አንድ ቅጂ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ እንጂ ሁለት አልሆነም። ይህን የሚያህል ግልጽ ነገር ከጥፋቱ በኋላ መገንዘቤ ያሳፍረኛል፤ ግን ስልክ ሲሞላ እንዲህ የማያደርግ ተማሪ ካለ ይንገረኝ።

በዚህ ሥራ ልምድ ያላቸው ሰዎች በቍጥር የሚናገሩት አንድ ደንብ አለ፤ «ሦስት፥ ሁለት፥ አንድ» ይሉታል። ደንቡን በዚህ መልክ አስተካክሎ ያስፋፋው ፒተር ክሮግ የሚባል አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ሰነዱ በጠቅላላው ሦስት ቅጂ ይኑረው፤ ቅጂዎቹ በሁለት ዐይነት ዕቃ ይቀመጡ፤ ከእነርሱም አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን ማለት ነው። ከሦስቱ ክፍሎች በእኛ አገር ይበልጥ የሚዘነጋው የመጨረሻው ይመስለኛል።

ለዚህ ደንብ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የብራና መጻሕፍታችንን በማይክሮፊልም ለማንሣት እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው ሥራ የተቋቋመው በዚሁ ሐሳብ ነው። ከ9,000 በላይ የሆኑ የብራና መጻሕፍት በየገዳሙና በየቤተ ክርስቲያኑ ፎቶግራፍ ተነሡ፤ ፊልሙ በአዲስ አበባ ሲቀመጥ ሌላው ቅጂ በአሜሪካ፥ በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር ኮሌጅቪል በሚገኘው በቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በዚያ ተቀምጠው ለብዙ ዓመታት ዝርዝሩን አዘጋጁ። ብራናው በየቦታው ነው፤ ፊልሙ በሁለት አገር ነው፤ ምን የት እንዳለም ተመዝግቧል። በቤት ኮምፒዩተር የሚፈለገው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ መጠኑ ብቻ ነው የሚያንሰው።

ኢንተርኔት ላይ ስለ ማኖር

አንባቢ እዚህ ላይ «ታዲያ ለምን ኢንተርኔት ላይ አይቀመጥም? እዚያ ከሆነ ከቤት ውጭ ነው» ሊል ይችላል። ነገሩ ልክ ነው፤ ለሚቻለው ሰው መልካም ነው። ዛሬ ዊንዶውስ 11 የያዘ ኮምፒዩተር ሲከፈት ፊት ለፊት የሚያቀርበው «ዊንዶውስ ባክአፕ» የሚባለው መሣሪያም ሰነዱን ዋንድራይቭ ወደሚባለው የማይክሮሶፍት ማኖሪያ የሚልክ ነው። በነፃ የሚሰጠው ቦታ ግን 5 ጊጋባይት ነው፤ የእኛ ቤት ፎቶግራፍ ብቻ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሆናል።

ከቦታው ይልቅ የሚያሳስበው መንገዱ ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል ቈይቷል። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌግራምና ሌሎች ማኅበራዊ መገናኛዎች ለአምስት ወር ያህል ተዘግተው ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ በኋላ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። «ለራሴ በቴሌግራም ልኬዋለሁ» የሚሉ ጓደኞቼ ሰነዳቸው አልጠፋባቸውም፤ ነገር ግን በሚያስፈልጋቸው ቀን ሊደርሱበት አልቻሉም። ስለዚህ ኢንተርኔቱ ሦስተኛ ቅጂ ይሁን እንጂ ብቸኛው አይሁን እላለሁ፤ በእጅ የሚዳሰስ ዲስክ መቅደም አለበት።

በዊንዶውስ ውስጥ ያለው መሣሪያ

በዊንዶውስ ውስጥ ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚመቸው «ፋይል ሂስትሪ» የሚባለው ነው። የመጣው በዊንዶውስ 8፥ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሆን በ10ም በ11ም አለ። በ11 ግን ከአዲሱ የማስተካከያ ገጽ ስለ ወጣ ብዙ ሰው የጠፋ ይመስለዋል። አልጠፋም፤ በአሮጌው በኮንትሮል ፓነል ውስጥ፥ «ሲስተም ኤንድ ሴኩሪቲ» በሚለው ሥር ተቀምጧል። ከውጭ የሚሰካ ዲስክ ሰክቶ «ተርን ኦን» የሚለውን መጫን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሥራው የራሱ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የተመረጡትን ፎልደሮች በሙሉ ይገለብጣል። ከዚያ በኋላ፥ ዲስኩ እንደ ተሰካ እስካለ ድረስ፥ ካልለወጡት በቀር በየሰዓቱ እየተመለሰ የተለወጠውን ብቻ ይቀዳል፤ የቀድሞውንም አይደመስስም። የዚህ ጥቅም ጽሑፍ ለሚጽፍ ሰው ከፍ ያለ ነው። ዛሬ ጠዋት ሁለተኛውን ምዕራፍ በስሕተት ቈርጬ ባስቀምጠው፥ የትናንቱ ምዕራፍ ከነሙሉነቱ ይገኛል። ተራ ግልበጣ ግን የተበላሸውን በደኅናው ላይ ይደርብበታል።

ቅጂዎቹ በዲስኩ ላይ የሚቀመጡት እንደ ተራ ፋይል ነው፤ በስማቸው መጨረሻ ላይ የተቀዱበት ቀንና ሰዓት ይጨመርበታል። ስለዚህ መሣሪያው ባይኖርም በማንኛውም ኮምፒዩተር ሊከፈቱ ይችላሉ። ቀኑ በፈረንጅ አቈጣጠር፥ ሰዓቱም በግሪንዊች ነው። ለምሳሌ 08 ሰዓት የሚለው በእኛ ቀን ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው፤ በቀን ለተቀዳ ነገር ከተጻፈው ሰዓት ላይ 3 መቀነስ ይበቃል። ይህን ሳላውቅ የትኛው ቅጂ የኋለኛው እንደ ሆነ ለመለየት ግማሽ ቀን ደክሜአለሁ።

አሁን ወደ ዋናው እንቅፋት እመጣለሁ። ፋይል ሂስትሪ ሁሉን ነገር አይቀዳም። የሚቀዳው ዊንዶውስ «ላይብረሪ» ብሎ የሚጠራቸውን፥ ማለት ዶኩመንት፥ ፎቶ፥ ሙዚቃና ቪዲዮ፥ እንዲሁም ዴስክቶፑን ነው። በ«ዲ» ላይ «ጥናት» ብዬ የከፈትሁት ፎልደር በዚህ ውስጥ የለም! በአገራችን ልማድ ሰው ሁሉ ነገሩን በ«ዲ» ስለሚያኖር፥ መሣሪያውን ከፍቶ ተኝቶ የሚያድር ሰው ባዶ ቅጂ ሊያገኝ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ፎልደሩን በመዳፊቱ ቀኝ ጠቅ አድርጎ፥ በ11 ላይ «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» የሚለውን ከፍቶ፥ «ኢንክሉድ ኢን ላይብረሪ» በሚለው ወደ ላይብረሪ ማስገባት ነው። ይህን የሚያህል ነገር ለምን እንደ ተሸሸገ ምክንያቱ አልገባኝም።

ሌላው «ባክአፕ ኤንድ ሪስቶር» የሚባለው የዊንዶውስ 7 አሮጌ መሣሪያ ነው። እሱም በኮንትሮል ፓነል ውስጥ እስካሁን አለ። የእሱ ዋና ጥቅም ዊንዶውሱን፥ የተጫኑትን ፕሮግራሞችና ሰነዱን በአንድነት እንደ አንድ ሥዕል ማንሣቱ ነው፤ «ሲስተም ኢሜጅ» ይሉታል። ዲስኩ ቢሞት በዐዲስ ዲስክ ላይ ሁሉን እንደ ነበረ ይመልሳል። ነገር ግን ማይክሮሶፍት ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ ይህን መሣሪያ ማሻሻል እንደ ተወ አስታውቋል። ስለዚህ በእሱ ብቻ መተማመን አይገባም፤ እኛም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ እናነሣዋለን። ዊንዶውስ 10ን በሚመለከት ደግሞ መደበኛው የማይክሮሶፍት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዳበቃ ማስታወስ ያስፈልጋል። ዊንዶውሱን ለማሳደግ የሚያስብ ሰው ከማሳደጉ በፊት ቅጂውን ያንሣ።

ትእዛዝ በጽሑፍ መስጠት ለሚወዱ «ሮቦኮፒ» አለ። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ በየኮምፒዩተሩ ይገኛል፤ ጥቍሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ ከየት ወደ የት እንደሚገለብጥ መጻፍ ነው። መብራት በመካከል ቢሄድ ካቋረጠበት ሊቀጥል የሚችልበት ትእዛዝ ስላለው ለእኛ ከተማ የተሠራ ይመስላል። ነገር ግን «ሚር» የሚል ትእዛዝ አለው፤ መድረሻውን የመነሻው መስተዋት የሚያደርግ ነው። በመነሻው የሌለውን ሁሉ ከመድረሻው ይደመስሳል። ፎልደሩ በስሕተት ባዶ ከሆነ በኋላ ይህን የሚያዝ ሰው በገዛ እጁ የመጨረሻ ቅጂውን ያጠፋል። ጀማሪ ባይነካው እመክራለሁ።

ማክ ላላቸው ጥቂት ጓደኞቻችን ነገሩ አጭር ነው። «ታይም ማሽን» የሚባለው መሣሪያ ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ አብሮ ይመጣል፤ የቅርቡን 24 ሰዓት በየሰዓቱ፥ ያለፈውን ወር በየቀኑ፥ ከዚያ በፊት ያለውን በየሳምንቱ ይይዛል። ኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ «ባክአፕስ» የሚል አለ፤ የሚሠራውም ከፋይል ሂስትሪ ብዙ የማይርቅ ነው።

ፊደሉ ራሱ ሲጠፋ

ስለዚህ ጉዳይ በውጭ ቋንቋ የተጻፉ መምሪያዎች የማያነሡት፥ እኛን ግን በቀጥታ የሚነካ አንድ ነገር አለ። እሱም የግዕዝ ፊደል ነው።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፥ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፥ በአገራችን መሥሪያ ቤቶችና ጽሕፈት ቤቶች ይሠራባቸው የነበሩት እንደ ፓወር ግዕዝ ያሉ አሮጌ የፊደል ፕሮግራሞች የሚጠቀሙት በሌላ ዘዴ ነበር። ኮምፒዩተሩ የላቲን ፊደል የሚያኖርባቸውን ቦታዎች ወስደው የግዕዝን ቅርጽ ያለብሷቸዋል። ስለዚህ በፋይሉ ውስጥ የተጻፈው ለኮምፒዩተሩ የላቲን ምልክት ነው፤ «ሀ» ሆኖ የሚታየን የፊደሉ ቅርጽ፥ ማለት ፎንቱ፥ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ስለ ተጫነ ብቻ ነው። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ ትርጕም የሌለው የላቲን ዝብርቅ ይሆናል።

ታዲያ ፎንቶቹ የሚገኙት በዊንዶውሱ በራሱ ፎልደር ውስጥ፥ በ«ሲ» ላይ ነው። ፋይል ሂስትሪ አይቀዳቸውም። የወንድሜ አሮጌ የሱቅ ሒሳብ በአንድ ፍላሽ ተርፎ ነበር፤ በዐዲሱ ዊንዶውስ ስንከፍተው ግን ቍጥሩ ይነበባል እንጂ የደንበኞቹ ስም ሁሉ ዝብርቅ ሆኖ ተገኘ። ዕዳውን እናያለን፤ ባለዕዳው ማን እንደ ሆነ አናውቅም። እናቴ ይህን ስትሰማ ከሁሉ ነገር ይልቅ በዚህ ሳቀች፤ ወንድሜ ግን አልሳቀም። ከብዙ ፍለጋ በኋላ የዚያን ጊዜውን ፎንት በአንድ ጽሕፈት ቤት አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ አግኝተን ስሞቹ ተመለሱ።

ስለዚህ አሮጌ የአማርኛ ጽሑፍ ያለው ሰው ፎንቱን ከፎንት ፎልደሩ ገልብጦ ከጽሑፉ ጋር በአንድነት ያኑር። ከዚህ የሚሻለው ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው፤ ያ እስኪሆን ግን በፒዲኤፍ አንድ ቅጂ ማውጣትም ይረዳል፤ ፒዲኤፍ ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ የፊደሉን ቅርጽ በውስጡ ይይዛልና።

ከዚሁ ጋር ስለ ስም አንድ ቃል እጨምራለሁ። እኛ ቀን ስንጽፍ በዝባዝ መስመር መለየት ልማዳችን ነው፤ ዊንዶውስ ግን ዝባዝ መስመርን በፋይል ስም ውስጥ አይቀበልም። ዓመቱን አስቀድሞ፥ ወሩንና ቀኑን አስከትሎ በሰረዝ እየለዩ፥ ለምሳሌ 2018-05-23 ብሎ መጻፍ ይሻላል። እንዲህ ሲሆን ጳጕሜንም 13 ሆና በቦታዋ ትሰለፋለች።

ስለ ዲስኩ

በገበያ የሚሸጠው ፍላሽ ብዙውን ጊዜ ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ስለ ሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ሲስተም ኢሜጁም በኤንቲኤፍኤስ የተዘጋጀ ዲስክ ይፈልጋል። ባዶ ሳለ አንድ ጊዜ ማስተካከል ነው። ፍላሽ ለመጓጓዣ እንጂ ለማኖሪያ አይመችም፤ በተለይም በየጽሕፈት ቤቱ ለኅትመት ሲሰካ የሚይዘው ቫይረስ ፋይሉን ደብቆ በቦታው አጭር መጥሪያ እንደሚተካ ያላየ ተማሪ የለም።

ቅጂው ሲያልቅ ዲስኩ ይነቀል። ለዚህ ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው ቀደም ብዬ የተናገርሁት መብራት ነው፤ እንደ ተሰካ ያለ ዲስክ ኮምፒዩተሩን የመታው ኀይል ሊደርስበት ይችላል። ሁለተኛው ፋይል ቈልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ነው። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. የተነሣው ዋናክራይ የተባለው በ150 ያህል አገሮች ኮምፒዩተሮችን መትቷል። የዚህ ዐይነት ቫይረስ በዚያ ሰዓት የተሰካውን ዲስክም አብሮ ይቈልፋል። የተነቀለ ዲስክን ግን አይደርስበትም። እርግጥ ዲስኩ ከተነቀለ ፋይል ሂስትሪ በየሰዓቱ መሥራቱን ያቆማል። እኛ በሳምንት አንድ ቀን፥ እሑድ ከምሳ በኋላ፥ ሰክተን አንድ ሰዓት አቈይተን እንነቅለዋለን፤ በጣም ብንጐዳ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው የምናጣው።

ዐዲስ ላፕቶፕ የገዛ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ይመልከት። ብዙዎቹ ዐዳዲስ ኮምፒዩተሮች ዲስካቸውን በምስጢር ቈልፈው ይሠራሉ። ማዘር ቦርዱ ሲቃጠል ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ማንበብ የሚቻለው 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቍጥር ሲኖር ብቻ ነው። ቍጥሩን አስቀድሞ በወረቀት ጽፎ ከቤት ሰነድ ጋር ማኖር ነው።

ሁለተኛው ቤት

ከቤት ውጭ ስለሚኖረው ቅጂ ስናስብ ያጐታችንን ቤት መረጥን። አጐታችን በዳንግላ ይኖራሉ። ሁለት ዲስክ ገዛን፤ ተመሳሳይ ናቸው፤ በአንደኛው ላይ ቀይ፥ በሁለተኛው ላይ ሰማያዊ ፕላስተር ለጠፍንባቸው። ቀዩ በጫግኒ ሲሠራ ሰማያዊው በዳንግላ ይቀመጣል፤ ከቤተ ሰቡ አንዱ ወደ ዳንግላ በሄደ ጊዜ ይለዋወጣሉ። መንገድ በማይመችበት ጊዜ ልውውጡ ሁለት ወርም ቈይቶ ያውቃል። ያም ቢሆን ከምንም ይሻላል። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ዞን የተፈናቀሉ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች በጫግኒ ራንች በሚባለው ስፍራ ተጠልለው በነበረ ጊዜ፥ ቤታቸውን ጥለው ሲወጡ ሊይዙት የቻሉት በእጃቸው ያለውን ብቻ እንደ ነበር የከተማው ሰው ሁሉ ያስታውሳል። የትምህርት ማስረጃና የይዞታ ወረቀት በአንድ ቤት ብቻ መኖሩ ምን ማለት እንደ ሆነ እናቴ የተረዳችው ያኔ ነው። ዲስኩ ወደ ዳንግላ እንዲሄድ ከእኔ ይልቅ የምትጐተጉተው እሷ ናት።

የመጀመሪያው ቅጂ 61 ጊጋባይት ነበር፤ በአሮጌው ኮምፒዩተር ቀዳዳ በኩል 50 ደቂቃ ያህል ፈጀ። ከዚያ ወዲያ ያሉት የእሑድ ቅጂዎች ከጥቂት ደቂቃ አያልፉም።

ነገር ግን ዲስኩ ሞላ ማለት ቅጂው ይሠራል ማለት አይደለም። ይህን ለማወቅ ያለው መንገድ መመለስ ብቻ ነው። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ሰማያዊውን ዲስክ ከዳንግላ አምጥቼ፥ በኮሌጃችን በምማርበት የጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ሰካሁትና 20 ፋይሎችን በዕጣ መርጬ ከፈትሁ። 17ቱ በትክክል ተከፈቱ። ሁለቱ የወንድሜ አሮጌ ሒሳቦች ነበሩ፤ ፎንታቸውን አብሬ ማኖር ረስቼ ስለ ነበር እንደገና ዝብርቅ ሆኑ። አንዱ ቪዲዮ ደግሞ ከግማሹ በኋላ የለም፤ ሲቀዳ መብራት ሄዶ ኖሯል። ፎንቱን ጨመርሁ፤ ቪዲዮውን ከእኅቴ ስልክ እንደገና ቀዳሁ። ከዚያ ወዲህ በየስድስት ወሩ 20 ፋይል በዕጣ እያወጣን እንከፍታለን፤ ዕጣውን የምታወጣው እናቴ ናት።

የአባባ 3 ድምፆች በቀዩም በሰማያዊውም ዲስክ፥ በእኅቴም ስልክ አሉ። የመጀመሪያው ስለ ፈረስ ስያሜ ነው፤ 22 ደቂቃ ይሆናል። ሁለተኛው ልጓም ስለ መሥራት ነው። ሦስተኛው በመካከሉ መብራት ስለ ሄደ አባባ «በሉ ነገ እንጨርሰዋለን» ብለው ያቆሙት ነው። በማግስቱ የጨረሱትን ቀድቼው ነበር፤ ከጠፉት ከ11ዱ አንዱ እሱ ነው። ሦስቱን ወደ አማርኛ የመለስሁትን ጽሑፍ በሚቀጥለው የዚህ መጽሔት ዕትም ለማቅረብ አስቤአለሁ።